ጥቁር አዝሙድ፣ ባህር ዛፍና ጦስኝ ለቆየ የሳንባ በሽታ፦ ከፓፉ ጋር ወይስ በፓፉ ፋንታ?

የመነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቆየ የሳንባ በሽታና ስለ ባህል መድኃኒት ለመጠየቅ ነው። ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን ከአንዲት ታማሚ ልነሳ። ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ እናት ናቸው። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ግን ለአርባ ዓመት ያህል በእንጨትና በኩበት እንጀራ ጋግረዋል። በስፓይሮሜትሪ፣ የትንፋሽ አቅም በሚለካው መሣሪያ፣ ሲለኩ፣ የአየር ቧንቧ የሚከፍት ማስታገሻ ከነፉ በኋላም ቢሆን፣ በኃይል ካስወጡት ጠቅላላ አየር ውስጥ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው 61 በመቶ ብቻ ሆነ። ከ70 በመቶ በታች ስለሆነ ሲኦፒዲ ተባለ፤ የአየር ቧንቧው ጠብቦ የሚቀርበት ሕመም ማለት ነው። ሁለት ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚነፋ መድኃኒት፣ ታዞላቸዋል፦ ሲያፍናቸው የሚነፉት ሳልቡታሞልና ጠዋትና ማታ የሚወስዱት ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል የያዘ።

ጎረቤትና ዘመድ ደግሞ ሌላ ዝርዝር አቅርቧል፦ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በባዶ ሆድ፣ የባህር ዛፍ እንፋሎት፣ ጦስኝና ዝንጅብል በማር፣ ዋግምት፣ ከአንድ አዋቂ የሚገዛ ዱቄት፣ በኢንተርኔት የሚማሩት የአተነፋፈስ ልምምድ። ከእነዚህ የትኛው የተጨበጠ ጥቅም አለው? የትኛው ይጎዳል? መሞከር የፈለገ ሰው ጠቀመኝ ወይም አልጠቀመኝም ለማለት እንዴት ነው የሚለካው? ፓፉን አቁሙ ወይም ቅጠሉን ጣሉ የሚል ነጠላ መልስ አልፈልግም፤ ምክንያቱን ጨምራችሁ ንገሩኝ።

ምላሾቹ

ክሩ፣ ማለትም ይህ የውይይት መስመር፣ ሃያ ምላሽ ደርሷል። ዘግይታችሁ ለምትገቡ ሁሉንም ማንበብ ስለሚያታክት፣ እያንዳንዱን በቁጥሩ በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ። የት እንደተስማማሁና የት እንዳልተስማማሁም አልደበቅኩም።

1ኛ ምላሽ። ከአጻጻፋቸው የሳንባ ሕመም የሚያክሙ ሰው ይመስላሉ። ስለ ቅጠል አንድም ነገር ከመናገራቸው በፊት የበሽታው ስም መጣራት እንዳለበት አሳሰቡ። በአስም፣ ማስታገሻ ተነፍቶ ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ሲለካ፣ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። በሲኦፒዲ ግን ቧንቧው ከፈት ቢልም ወደ ጤናማው ልክ አይመለስም። ሦስተኛም አለ፤ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የዳነ ሰው ጠባሳው ሳንባውን አበላሽቶት በየጊዜው ያስለዋል፣ አክታም ይበዛበታል፤ ይህ ብዙ ጊዜ አስም ተብሎ ይታለፋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው አክታውን በጂን ኤክስፐርት፣ የሳንባ ነቀርሳን በሚለየው ምርመራ፣ ሳያስመረምር ወደ የትኛውም መድኃኒት እንዳይሄድ መከሩ። ለመነሻ ከዚህ የተሻለ ምላሽ አልነበረም።

2ኛ ምላሽ አጭር ነው። ጸሐፊው ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉ ይጠቅማል የሚለውን ሃይማኖታዊ ቃል ጠቅሰው፣ ማስረጃ መጠየቁ ራሱ እንዳልጣማቸው ገለጹ።

3ኛ ምላሽ በጨዋ ቃል መለሰ። እምነቱን ሳይነኩ የተለካውን ብቻ ነው ያቀረቡት። ሳውዲ አረቢያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ወደ 80 የሚጠጉ የአስም ታማሚዎች በሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን 500 ሚሊ ግራም የጥቁር አዝሙድ ዘይት በእንክብል በቀን ሁለት ጊዜ ለአራት ሳምንት ወሰደ፣ ሌላኛው ባዶ እንክብል። ዘይቱን የወሰዱት የአስም ምልክታቸው ተሻሽሏል፤ በመሣሪያ የተለካው የትንፋሽ አቅም ላይ የታየው ለውጥ ግን አስተማማኝ አልነበረም። ሁሉም መደበኛ ፓፋቸውን አላቋረጡም። ጸሐፊው ሦስት ነገር እንዳይረሳ አሳሰቡ፦ ጥናቱ በአስም ላይ እንጂ በሲኦፒዲ ላይ አለመሆኑን፣ አራት ሳምንት አጭር መሆኑን፣ ዘይቱም ስኳርንና የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ለሚወስድና ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ለሚጠቀም ሰው ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባ መሆኑን። ከገበያ በጠርሙስ የሚገዛው ዘይት ንጹሕ ይሁን በሌላ ዘይት የተቀላቀለ በዓይን መለየት ስለማይቻልም፣ ፍሬውን ራስ ገዝቶ ማስጨመቅ እንደሚሻል አከሉ።

4ኛ ምላሽ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚልቀው ነው። ፋርማሲ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብሎ ወደ ቅጠል ከሚዞረው ሰው ብዙው መድኃኒቱ ሳንባው እንዳልገባ ጻፉ፤ ጉሮሮው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከዚያ ደረጃውን ዘረዘሩ። ክዳኑን ነቅሎ ውስጡ ባዕድ ነገር አለመኖሩን ማየት፤ በደንብ መነቅነቅ፤ አዲስ ከሆነ ወይም ለሳምንታት ሳይነካ ከቆየ መጀመሪያ ወደ አየር መርጨት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ትንፋሽን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ማስወጣት። ከንፈርን በአፍ መያዣው ዙሪያ አጥብቆ መዝጋት። መሳብ ሲጀመር ወዲያው አንድ ጊዜ መጫን፤ ሳይጣደፉ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ መሳቡን መቀጠል። ከዚያ እስከ አሥር ቆጥሮ ትንፋሽን መያዝ። ሁለተኛው ፓፍ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይቶ፣ እንደገና ተነቅንቆ ይወሰዳል። ስቴሮይድ (እንደ ቡዴሶናይድ ያለ እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ካለው አፍን ተጉመጥምጦ ውኃውን መትፋት ያስፈልጋል፤ ይህ ሲቀር ምላስና ላንቃ ላይ ነጭ ሻጋታ መሰል ነገር ይወጣል፣ ድምፅም ይጎረንናል፣ ሰውም መድኃኒቱ ጉሮሮዬን በላው ብሎ ይጥለዋል።

በብዛት የሚታዩትን ስህተቶችም ጨመሩ። አንዱ ጫን አድርጎ ከዚያ መሳብ ነው፤ ጭጋጉ አፍ ውስጥ ቀርቷል። ሌላው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ መጫን። ሦስተኛው ባዶ ቆርቆሮ መንፋት፤ 200 ጊዜ የሚነፋው ዕቃ መድኃኒቱ አልቆም ጋዙ ይወጣል፣ ድምፁም ያው ነው። ውኃ ውስጥ ጥሎ ተንሳፈፈ ሰጠመ ማለት አያስተማምንም። የተሻለው ሒሳብ ነው፦ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት የሚነፋ ሰው በቀን አራት ስለሚያወጣ በ50 ቀን ያልቃል፤ የተጀመረበትን ቀን በእስክሪብቶ ቆርቆሮው ላይ መጻፍ ይበቃል።

5ኛ ምላሽ ወደ ባህር ዛፍ ገባ። ጸሐፊዋ ዘይቱንና እንፋሎቱን ለያዩ። በቅጠሉ ዘይት ውስጥ ሲኒዮል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት 242 የሲኦፒዲ ታማሚዎች ተሳትፈው፣ 200 ሚሊ ግራም ሲኒዮል በእንክብል በቀን ሦስት ጊዜ ለስድስት ወር፣ ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር የወሰዱት ባዶ እንክብል ከወሰዱት ያነሰ መባባስ ታይቶባቸዋል። ይህ ግን ተለክቶ የተዘጋጀ እንክብል ነው። በብርድ ልብስ ተሸፍኖ በሚፈላ ድስት ላይ ማጎንበስ ሌላ ነገር ነው፤ እንፋሎቱ አፍንጫን ቢከፍትም ወደ ታችኛው ቧንቧ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ሽታው ራሱ የአስም ታማሚን ሊያፍን ይችላል፣ ድስቱም ተገልብጦ ያቃጥላል። ዘይቱን በማንኪያ መጠጣትን በብርቱ ከለከሉ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ሕፃን ልጅን ራሱን ሊያስተውና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ጦስኝን በሻይ መልክ መጠጣት ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ሳልን ያበርዳል፤ ከዚያ በላይ እንዳይጠበቅ መከሩ። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ እንደማይሰጥም ጨመሩ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ ስለሚያመጣ።

6ኛ ምላሽ ክሩን አጋጋለው። ጸሐፊው ፓፉ ውስጥ ያለውም ከዕፅ የመጣ ስለሆነ ወደ ምንጩ መሄድ እንደሚሻል ተከራከሩ፤ የደረቀ የአስተናግር ቅጠል አጭሶ መሳብ የጥንት የአስም መድኃኒት መሆኑን ጠቅሰው እንዴት እንደሚዘጋጅም ጻፉ። አዘገጃጀቱን እዚህ አልደግመውም።

7ኛ ምላሽ ቁጣ ነው። አስተናግር ውስጥ ያለው አትሮፒንና ስኮፖላሚን ከተክል ተክል፣ ከቅጠል ቅጠል እጅግ ስለሚለያይ ያለፈው ሳምንት ያልጎዳ መጠን ዛሬ ሰውን ሊያሳብድ እንደሚችል ጻፉ፦ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሽንት ይታገታል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሰውየው የሌለ ነገር ያያል። ለአንዲት 60 ዓመት ለተጠጋ እናት ጭስ አዝዞ መድኃኒት ማለት ወንጀል ነው እስከማለት ደረሱ። ቃላቸው ከረረ፤ ግን ስለ ነገሩ ትክክል ናቸው።

8ኛ ምላሽ ሁለቱን ለማቀራረብ ሞከረ፤ በጣም የወደድኩት ክፍል ነው። 6ኛው ስለ አመጣጡ ልክ ነበሩ፤ ሲጋራ መሰል የአስተናግር ቅጠል በአውሮፓ ለአስም ይሸጥ ነበር፣ ዛሬ የምንነፋው አይፕራትሮፒየምም የአትሮፒን ዘመድ ነው። ቴኦፊሊን የሚባለው የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1888 ከሻይ ቅጠል ነው። በግብፅና በአካባቢው ለሆድና ለኩላሊት ቁርጠት ከሚጠጣው የኬላ ተክል በተገኘ ንጥረ ነገር ላይ ሮጀር አልቱንያን የተባለ፣ ራሱ የአስም ታማሚ የነበረ ሐኪም እንግሊዝ አገር ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ክሮሞሊን የተባለው የአስም መድኃኒት ተገኘ። ግን ከዕፁ እስከ ፓፉ ያለው መንገድ ሁሉ መጠንን መወሰን፣ የሚጎዳውን ከሚጠቅመው መለየት ነው፤ ወደ ምንጩ መመለስ ማለት ይህን ሁሉ ሥራ መጣል እንደሆነ ጻፉ። 6ኛው ከዚህ በኋላ አልተመለሱም።

9ኛ ምላሽ ከአዋቂ ስለሚገዛው ዱቄት ነው። ጸሐፊዋ የላብራቶሪ ሰው ናቸው መሰለኝ። ዱቄቱ ወይም ጭማቂው በሁለት ቀን ተአምር ከሠራ መጠርጠር ያለበት የተደበቀ ስቴሮይድ ነው፤ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ተፈጭቶ ይቀላቀልበታል። ምልክቶቹ፦ ፊት እንደ ጨረቃ መክበብ፣ የምግብ ፍላጎት ከመጠን በላይ መሆን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቆዳ በቀላሉ መበለዝ፣ የስኳርና የግፊት መጨመር። አደጋው ሁለት ነው። ስቴሮይዱ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል። ለሳምንታት ተወስዶ በድንገት ሲቆም ደግሞ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስላቆመ ሰውየው ይደክማል፣ ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የጠረጠረ ሰው ዱቄቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ እንጂ ቤቱ ሆኖ በአንድ ቀን እንዳያቆም አሳሰቡ። ይህ ማስጠንቀቂያ ከሁሉ ቀድሞ መነበብ ያለበት ነው፤ ዱቄቱን ጣሉት ብቻ ብንል ኖሮ ሰው ልንጎዳ ነበር።

10ኛ ምላሽ ከልብ የመጣ ተቃውሞ ነው። ጸሐፊው ስለ ጥናትና ሚሊ ግራም የሚያወሩ ሰዎች የመድኃኒት ዋጋና እጥረት እንደማይገባቸው ጻፉ። በየቀኑ የሚወሰደው የመቆጣጠሪያ ፓፍ ከፋርማሲ ሲጠፋ፣ የተገኘው ደግሞ የወር አስቤዛ ሲበላ፣ ጦስኝና ዝንጅብል በየጓዳው አለ፤ ሰው ወደዚያ ቢሄድ ለምን ይወቀሳል? ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። መልስ ሳያገኝ አላለፈም።

11ኛ ምላሽ፣ 4ኛው ፋርማሲስት ተመልሰው መጡ። እጥረት ሲኖር ሰው የሚገዛው ርካሹን ሰማያዊ ሳልቡታሞል ብቻ ነው፤ ችግሩም እዚያ ይጀምራል። ሳልቡታሞል ቧንቧውን ለአራት ስድስት ሰዓት ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አይነካም። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ፣ ጊና የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን መምከር ያቆመው ለዚህ ነው። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ቆርቆሮ የሚጨርስ የአስም ታማሚ ለከባድ መባባስ ተጋላጭ ነው፤ በወር አንድ የሚጨርስ ደግሞ ለሞት። ስለዚህ የአስም ታማሚው ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ስቴሮይድ ያለበት ቀላል ፓፍ፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ ከሐኪም ጋር ተመክሮ የሚቀጥልበትን መንገድ መፈለግ ይሻላል። ለዚህም ለዚያም የሚረዳ ነገር አንድ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው፤ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከተገዛው ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል ከሚገባው ባዶ ዕቃ) ጋር ተመጣጣኝ ሆኗል። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ሳይባክን ወደ ሳንባ ይደርሳል፤ ያው ፓፍ የበለጠ ይሠራል።

12ኛና 13ኛ ምላሽ ከመንገድ ወጡ። አንዱ ቡና አስምን ያስታግሳል ብለው ጀመሩ፤ ካፌይን የቴኦፊሊን ዘመድ ስለሆነ ቧንቧውን እስከ አራት ሰዓት ድረስ በጥቂቱ እንደሚከፍት ትክክል ናቸው። ማስታገሻ እስከ መሆን ግን አይደርስም። ሌላው ከቡናው ወደ ባህር ዛፍ ዘለው፣ ዛፉ ከአውስትራሊያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ መግባቱን፣ ነጩና ቀዩ እንዴት እንደሚለዩ በሰፊው ጻፉ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ለታማሚዋ ግን ምንም አልጨመረላቸውም።

14ኛ ምላሽ በዚህ ተበሳጭተው ነው የመጡት። ያ ዛፍ የገባው ለማገዶ ከሆነ፣ የእኚህን እናት ሳንባ የጎዳውም ያው ማገዶ መሆኑን እንዴት ማንም እንዳላነሳ ጠየቁ። ይህን ሲያነቡ ብዙዎች ዝም አሉ፤ እኔም ጥያቄውን ስጽፍ ጭሱን እንደ ታሪክ እንጂ እንደ ሕክምና አላሰብኩትም ነበር። ጸሐፊዋ ቀጠሉ። የትኛውም ቅጠል፣ የትኛውም ፓፍ በየሳምንቱ ሦስት አራት ሰዓት ጭስ ውስጥ ለሚቀመጥ ሳንባ አይበቃም። በቅደም ተከተል፦ ከተቻለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፤ ካልተቻለ መጋገሪያውን ከመኖሪያው ለይቶ፣ ሁለት ተቃራኒ መስኮት ወይም ጭስ ማውጫ ያለው ማድረግ፤ እንጨቱን ሳይደርቅ አለማንደድ፤ ኩበትን መተው። ምርጥ የሚባለው የተሻሻለ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭስ ማውጫ ከሌለው ግን ጭሱ ቀነሰ እንጂ ከቤት አልወጣም። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ከሰል ቢቆጥብም ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳይገባ አሳሰቡ። ዕጣኑንም አልተዉትም። ጀበናውና ረከቦቱ ይኑር፣ ዕጣኑ ከታማሚዋ ይራቅ ወይም ይቅር፤ የወይባ ጢስም እንዲሁ። ጋጋሪዋን መለወጥም አንድ መፍትሔ ነው፤ ቤተሰብ ውስጥ ሌላ ሰው ምጣዱን ሊይዝ ይችላል።

15ኛ ምላሽ ስለ አተነፋፈስ ነው። ኮንስታንቲን ቡቴይኮ የተባለ የሶቪየት ሐኪም በ1950ዎቹ የጀመረው ዘዴ ትንፋሽን በመቀነስ ላይ የቆመ ነው፤ በአስም የማስታገሻ አጠቃቀምን ሊቀንስ ይችላል፣ የሳንባን አቅም ግን አይለውጥም። ለሲኦፒዲ የበለጠ የሚረዳውን ቀለል አድርገው አስተማሩ፦ በአፍንጫ እስከ ሁለት እየቆጠሩ መሳብ፣ ከንፈርን እንደ ፉጨት አሹሎ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስወጣት። ቧንቧው ቶሎ እንዳይዘጋ ስለሚያደርግ የታፈነው አየር ይወጣል። ደረጃ ሲወጡ በማስወጫው ላይ መርገጥ፣ በመሳቢያው ላይ መቆም። ከዚህ ጋር በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚቆይ የእግርና የእጅ እንቅስቃሴ ትንፋሽ ማጠርን እንደሚያቃልል የብዙ ጥናት ማስረጃ አለው። ከተጠየቁት አማራጮች ሁሉ ከፓፉ ውጪ ማስረጃው የጠነከረው ይህ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

16ኛ ምላሽ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአንዱ የተጻፈ ነው። እዚያ ለሳል የሚጠጣው ዒርቅ ሱስ፣ ማለትም የሊኮሪስ ሥር፣ ፖታሲየምን ያወርዳል፣ ግፊትን ይጨምራል። ሳልቡታሞልና ፕሬድኒሶሎንም ፖታሲየም ስለሚያወርዱ ሦስቱ ሲደራረቡ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ሮያል ጄሊ የሚባለው የንብ ምግብም በአስም ታማሚዎች ላይ ከባድ አለርጂ አምጥቶ ያውቃል፤ ማር ለሚስማማው ሰው ሁሉ እሱ ይስማማል ማለት አይደለም።

17ኛ ምላሽ ከአሜሪካ ነው፤ አጭር ግን ጠቃሚ። ማ ሁዋንግ በሚል ስም የሚሸጠው የቻይና ተክል ኤፌድሪን ስላለው ልብን እንደሚያስሮጥና ግፊትን እንደሚያንር፣ በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጨማሪ ምግቦች ውስጥ እዚያ አገር መታገዱን ጻፉ። ከዚያ ስለ ቴኦፊሊን እንክብል ጨመሩ፤ አገር ቤት ርካሽ ስለሆነ አሁንም ይታዘዛል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ከእሱ ጋር ሲወሰድ መጠኑ ደም ውስጥ ይከማችና ማስመለስ፣ የልብ መሮጥ፣ ሲከፋም መንቀጥቀጥ ያመጣል። ሲጋራ ያቆመ ሰውም መጠኑ እንዲቀነስለት ለሐኪሙ መናገር አለበት። ለዓይን ግፊት የሚጨመረው ቲሞሎል ጠብታም አስምን ሊቀሰቅስ እንደሚችል ማንሳታቸው ተገቢ ነበር፤ የዓይን ጠብታን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥረዋል?

18ኛ ምላሽ የመጨረሻውን ጥያቄዬን፣ የመለካቱን ነገር፣ መለሰ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳይጨምሩ በየቀኑ ሦስት ነገር መጻፍ፦ ስንት ጊዜ ሳልቡታሞል ተነፋ፣ ሌሊት ሳል አስነሳ ወይስ አላስነሳም፣ ከቤት እስከ አንድ የታወቀ ቦታ ለመድረስ ስንት ጊዜ ለማረፍ ቆሙ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ መጨመር፤ ሌላ ሁሉ እንደነበረ ሆኖ አራት ሳምንት መጻፍ። አስም ከሆነ ፒክ ፍሎው ሜትር (አየር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ የሚለካ መሣሪያ) ይጨመራል፤ ጠዋት ፓፍ ከመወሰዱ በፊት ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ትልቁ ቁጥር ይያዛል። ቅጠሉና ዱቄቱ፣ ማሩና ዋግምቱ ባንድ ሳምንት ከተጀመሩ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ መቼም አይታወቅም። ስለ ዋግምት እግረ መንገዳቸውን ሲናገሩ፣ ለሳንባ የሚሰጠው ጥቅም እንዳልታየ፣ ምላጩ ካልተቀቀለ ግን ሄፓታይተስ ቢ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ጻፉ። ለልጆች ሳል እንጥል ማስቆረጥንም ጠንከር ባለ ቃል ኮነኑ፤ ደም ያፈስሳል፣ ይመረቅዛል፣ ሳሉም አይተውም። በጸበል ጉዳይ ግን ለስለስ አሉ፦ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ መምከራቸውን አስታውሰው፣ ለፓፉም ያው እንደሚሠራ ጻፉ።

19ኛ ምላሽ፣ 1ኛው ሐኪም ይመስሉኛል፣ ይህ ሁሉ ሙከራ የሚቆምበትን ወሰን አስቀመጡ። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ120 ያለፈ ወይም ግራ የተጋባ ሰው ሻይ አይፈላለትም። ሳልቡታሞል በስፔሰር ከአራት እስከ አሥር ፓፍ፣ አንድ በአንድ፣ እየተነፋለት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ በመጀመሪያው ሰዓት በየ20 ደቂቃው ይደገማል። በጣት ላይ የሚሰካው ኦክስጅን መለኪያ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ለጤነኛ ሰውም ከባሕር ዳርቻው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል፣ ታማሚው ደህና በሆነበት ቀን የሚያሳየውን ቁጥር አስቀድሞ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ኦክስጅን ሲሰጠው ቁጥሩ ከ88 እስከ 92 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል፤ ብዙ መስጠት ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊያከማች ይችላል። ስለዚህ አጃቢው ለሚቀበለው ነርስ በሽታው ሲኦፒዲ መሆኑን መናገር እንዳይረሳ።

20ኛ ምላሽ በ11ኛው ላይ እርማት ነው። የፕላስቲኩ ቀዳዳ በግምት በመቀስ ከተቀደደ ጭጋጉ በጎን ያመልጣል። የፓፉን አፍ መያዣ በፕላስቲኩ ቂጥ ላይ አስደግፎ ዙሪያውን በእስክሪብቶ መሳል፤ በምስሉ ልክ የታጠፈ ሽቦ በእሳት አግሎ፣ ጓሮ ወጥቶ፣ መብሳት፤ ቀዳዳው ከምስሉ ጥቂት ጠበብ ቢል ይሻላል፣ ፓፉ እየተገፋ ይገባል። የቀረውን ክፍተት በሙጫ መድፈን፤ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሳይነካ ማቆየት። በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ፤ በጨርቅ ሲታሽ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይይዘዋል። ከዚያ የፕላስቲኩ አፍ ታማሚዋ ከንፈር ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ፣ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ሳይጣደፉ ይተነፍሱበታል፤ ለሁለተኛው ፓፍ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በነፉ ቁጥር በቀዳዳው ዙሪያ ጭጋግ የሚታይ ከሆነ ሙጫው አልያዘም፤ ሌላ ፕላስቲክ መያዝ ነው።